ሳናውቅ የላግነው ወለል

በፒያሳ የአንድ አሮጌ ቤት ጣውላ፣ የእኛ ድፍረትና የባለሙያ ዋጋ

ጊዜው ጳጉሜን ነው። እናታችን የዐስር ሶላታቸውን ሰግደው፣ ዱዓቸውን አድርገው ሲጨርሱ መስገጃቸውን ሊያጥፉ ጫፉን ይዘው ሳብ ቢያደርጉት እምቢ አላቸው። ደግመው ሳቡት። በመጨረሻ ቅጭጭ እያለ ሲላቀቅ የወለሉን ቫርኒሽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይዞ ተነሣ። ጉልበታቸው ባረፈበት ቦታ ላይም የመስገጃው ክር ወለሉ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ወለሉን ቀብተን ከጨረስን ስምንተኛ ቀናችን ነበር።

«ምነው ልጆቼ፣ ደርቋል አላላችሁኝም?» አሉን። ከመካከላችን መልስ የሰጠ አልነበረም። የእህታችን ኒካሕ አንድ ወር ቀርቶታል። የሙሽራው ቤተሰቦች የሚቀመጡት፣ ምሥክሮቹ የሚሰየሙት፣ ሽማግሌዎቹ መግሪብን የሚሰግዱት በዚያው ሳሎን ነው። እኛ ደግሞ እናታችንን ደስ እናሰኛለን ብለን የጀመርነው ሥራ ሰባ ዓመት ያገለገለውን ወለል ከነበረበት አብሶት ቁጭ ብሏል።

ውድ አንባብያን፤ ይህን ጽሑፍ ያቀረብነው የቤታችንን ጉድ ለማውራት አይደለም። በየቤቱ «ለዚህ ለዚህማ ሰው አንቀጥርም» ተብሎ የሚጀመር ሥራ ብዙ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች መካከል አንዳንዶቹ በእርግጥ ለቤተሰብ እጅ የሚመቹ ናቸው። አንዳንዶቹ ግን አይደሉም። የትኛው የትኛው እንደሆነ እኛ በኪሳራ ተምረናል፤ አንባቢዎቻችን ግን በንባብ ቢማሩት ይሻላል ብለን አሰብን።

ቤቱና ዘመኑ

ቤታችን የሚገኘው ፒያሳ፣ የኑር (በኒ) መስጂድ አዛን ከሚሰማበት ርቀት ላይ ነው። ሰፈሩ አራዳ ይባል በነበረበት ዘመን የከተማይቱ ትልቁ ገበያ እዚህ ይቆም ነበር። ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ያዛወረው በወረራው ዘመን የመጣው ጣልያን ነው፤ ፒያሳ የሚለውም ስም ከጣልያንኛ የተወረሰ፣ አደባባይ ማለት ነው። ገበያው ቢሄድም ሱቁና የነጋዴው መኖሪያ ቤት ቀረ። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹን የሠሩት የአርመን፣ የግሪክና የሕንድ ግንበኞችና አናጢዎች ከአገር ልጆች ጋር ሆነው ነው። ከሕንድ መጥቶ በሐረርና በአዲስ አበባ ስሙን ያስጠራው የሙስሊሙ ነጋዴ የሙሐመድ ዐሊ ኩባንያም በዚሁ በአራዳ ትልቅ የንግድ ቤት ነበረው። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴልም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከሆቴሉ ከፊሉ በእሳት ሲወድም ያየ ሰው፣ የደረቀ አሮጌ እንጨት ምን ያህል ዋጋ እንዳለውና ለአደጋም ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ይረዳል።

በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ወለሉ መሬት ላይ የተነጠፈ አይደለም። ከመሬት ከፍ ብሎ ሞራሌ ይጋደማል፤ በሞራሌው ላይ ረጃጅም ጣውላ በምስማር ይመታል። የአንዱ ጣውላ ጠርዝ ጎልቶ የሌላው ጣውላ ጎን ላይ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ ይገባል። ከሥር አየር የሚተላለፍበት ቀዳዳ በግድግዳው ይተዋል። ጣውላው በአብዛኛው ጥድ ወይም ዝግባ ነው። ጥድ ቀላ ያለ፣ መዓዛ ያለው፣ ምስጥና ብስባሴን የሚቋቋም፣ ነገር ግን በቀላሉ የሚሰነጠቅ እንጨት ነው። ዝግባ ደግሞ ቢጫ ያለና ለሥራ የሚመች ሲሆን ምስጥን ግን እንደ ጥድ አይችልም። በኋላ ዘመን የተሠሩ ቤቶች በሲሚንቶ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ ፓርኬ አላቸው፤ ፓርኬ ከጣውላው ስለሚሳሳ ስህተትን የሚችልበት አቅሙም ያነሰ ነው።

አያታችን ይህን ቤት የገዙት በንግድ ባገኙት ገንዘብ ነበር። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ተፈቅዶ ስለነበር ይህ ቤት ተረፈ። በመንግሥት እጅ የገቡት የጎረቤት ቤቶች በትንሽ ኪራይ ብዙ ቤተሰብ ሲያስጠልሉ ኖሩ፤ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ ግን ከኪራዩ አልተገኘም። ጣውላቸው ሲበሰብስ በላዩ ፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጠፈበት፤ እርጥበቱ ከሥር ታፍኖም ይብስ በላው። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. በዶሮ ማነቂያና በአካባቢው የነበሩ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ዛሬ እንዲህ ያለ ወለል ያለው ቤት ያለው ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አዋጅ ቁጥር 542/1999 ጥድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሏል። ያ የደን አዋጅ በኋላ በሌላ ቢተካም፣ አገር በቀል ዛፎቻችን መመናመናቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ የአያቶቻችን ጣውላ አንዴ ከተበላሸ ገበያ ወጥቶ እንደ ድንች የሚገዛ አይደለም። እኛ ይህን ያወቅነው ከጥፋቱ በኋላ ነው።

እንዴት ጀመርነው?

በልጅነታችን ወለሉ የሚወለወለው በሰም ነበር። ዒድ ሲቃረብ እናታችን ሰሙን በጨርቅ ይቀቡታል፤ እኛ ደግሞ በብርድ ልብስ ቁራጭ ላይ እየቆምን ከግድግዳ ግድግዳ በመንሸራተት እናበራዋለን። ለእኛ ጨዋታ ነበር፤ ለእሳቸው ሥራ። ዓመታት ሲያልፉ ሰሙ እየጠቆረ፣ በመኝታ ቤቱ በር በኩል የውዱእ ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታ እየነጣ ሄደ። ትንንሾቹ የልጅ ልጆች ሲድሁ ጉልበታቸውን ስንጥር መውጋት ጀመረ።

የኒካሑ ቀን ሲቆረጥ አንድ አናጢ ጠይቀን ዋጋ ነገረን። «ለመፋቅ ይህን ያህል?» አልን። ሦስት ወንድማማቾች ነን፤ ጉልበት አለን፤ ቪዲዮም አይተናል። ነሐሴ 10 ቀን ዕቃውን አውጥተን ግራይንደር ተከራየን፤ በላዩም ብርጭቆ ወረቀት አሰርንበት። ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሁድ ላግን። አቧራው እስከ ኩሽና ገብቶ በርበሬው ላይ ሳይቀር ተኛ። ነሐሴ 25 ቀን ቫርኒሹን እንደ ማር አወፍረን ቀባነው። ውጭ ዝናብ ስለነበር መስኮቱን ዘጋን። ማታ አምፖሉ ሲበራ ወለሉ አበራ፤ እርስ በርሳችን «ማሻአላህ» ተባባልን። የቀረውን ከላይ ነግረናችኋል።

ባለሙያ ፍለጋ

ካጠፉ በኋላ ባለሙያ መጥራት ሐኪም ዘንድ ዘግይቶ እንደ መሄድ ነው፤ ሰው ያፍራል። እኛም መጀመሪያ ያሰብነው በላዩ ሌላ ቫርኒሽ ደርበን ለመሸፈን ነበር። እናታችን ናቸው የከለከሉን። «ያልደረቀ ላይ ሌላ ያልደረቀ ትጨምራላችሁ?» አሉ።

የመጀመሪያው ሰው በር ላይ ቆሞ አየና «ይኼ አልቆለታል፤ ነቅላችሁ ሴራሚክ አድርጉ» አለ። ጎንበስ ብሎ እንኳ አልነካውም። ሁለተኛው «በሁለት ቀን እጨርሳለሁ፤ ቀብዱን ዛሬ ስጡኝ» አለ። ምን አድርጎ እንደሚጨርስ ስንጠይቀው «እሱን ለእኔ ተዉት» አለን። ሁለቱንም አመስግነን ሸኘን።

ሦስተኛውን የጠቆሙን ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ የሚጠጋ፣ በልጅነታቸው በፒያሳ ከአንድ ግሪክ አናጢ ዘንድ መሣሪያ እያቀበሉ ሙያውን የተማሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለጠየቁን እኛ ቤት በምንጠራቸው ጋሼ እንበላቸው። በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። በካልሲ ቀስ እያሉ ከጥግ ጥግ ተራመዱ፤ ጣውላው በተንቋቋ ቁጥር ቆመው በእግራቸው ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ የእጅ ባትሪ አብርተው ወለሉ ላይ በጎን አጋደሙት። ያን ጊዜ እኛ ለጥ ያለ የመሰለን ወለል እንደ ታረሰ ማሳ ሆኖ ታየ። ማፈራችንን እንዳያዩ ዞር አልን።

«በፊት ምን ነበር የሚቀባው?» አሉ።

«ሰም ነው ጋሼ።»

«በምን አነሣችሁት?»

ዝም አልን።

«አይ ልጆቼ!» አሉ። በንዴት አልነበረም። «ጉዱ ከዚያ ይጀምራል።»

የስህተቶቻችን ዝርዝር

ጋሼ ወለሉን እንደ መጽሐፍ አነበቡልን። ለአንባብያን ይጠቅማልና በተራ እናቅርበው።

አንደኛ፣ ሰሙን አላጸዳንም። ሰም በእንጨቱ ቀዳዳና በጣውላው መገጣጠሚያ ውስጥ ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ ነው። ግራይንደሩ ሲሽከረከር ሞቀና አቅልጦ ይበልጥ አሰረገው። ቫርኒሽ ደግሞ በሰም ላይ አይዝም፤ ዘይት በተቀባ ምጣድ ላይ ውሃ እንደ ማፍሰስ ነው። ከላይ ቢያበራም ከእንጨቱ ጋር አልተጣበቀም።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው የወለል አይደለም። ግራይንደር በትንሽ ክብ ላይ ኃይሉን ስለሚያሳርፍ አንድ አፍታ ቆም ካለ የግማሽ ጨረቃ ቅርፅ ያለው ጉድጓድ ይቆፍራል። የወለል መላጊያ ማሽን ግን ሰፊ ነው፤ ያም ቢሆን እየሠራ አንድ ቦታ ካቆሙት ይቆፍራል። ወረቀቱንም ከ40 ቁጥር ተነሥተን በቀጥታ ወደ 120 ዘልለናል። ሻካራው ወረቀት ያወጣውን ጭረት ቀጥሎ ያለው መካከለኛ ካላነሣው፣ ልሙጡ ብቻውን አያነሣውም፤ ቫርኒሹ ሲያርፍበት ይልቅ ይጎላል። በዚያ ላይ የላግነው ከእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ጋር ሳይሆን በተሻጋሪው ነበር።

ሦስተኛ፣ የምስማሩን ራስ ወደ ውስጥ አላሰጠምንም። ወረቀቱ በየምስማሩ እየተቀደደ ምስማሩም በወለሉ ላይ ጭረት አወጣ።

አራተኛ፣ በጣውላው መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ በስቱኮ ደፈንነው። እንጨት ሕይወት እንዳለው ነገር ነው፤ በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። በነሐሴ ጠባብ የነበረው ክፍተት በጥር ይሰፋል፤ የደረቀው ስቱኮም ተሰባብሮ ይወጣል።

አምስተኛ፣ ቫርኒሹን አወፈርነው፤ መስኮትም ዘጋን። ቫርኒሽ የሚደርቀው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲተን፣ ዘይታማውም ክፍል ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው። ወፍራም ሲሆን ላዩ ቀድሞ ቆዳ ያወጣል፤ ከሥር ያለው አየር ስለማያገኝ ለሳምንታት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። የአዲስ አበባ የነሐሴ ብርድና እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ የእናታችን መስገጃ የደረሰበት ይደርሳል።

ስድስተኛውን ግን ጋሼ የነገሩን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። በግድግዳው ሥር ያለው ዞኮሎ የድሮ ቀለም አለበት። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ሲፋቅ የሚወጣው አቧራ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ጎጂ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ቀለም ግን ግድግዳው ላይ እንዳለ አለ። እኛ ዞኮሎውን በግራይንደር ስናስነሣ ትንንሾቹ ልጆች ጓዳ ውስጥ ነበሩ። ከስህተቶቻችን ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆጨን ይህ ነው።

ውል፣ ቀብድና አማና

ጋሼ ዋጋቸውን ወዲያው አልነገሩንም። ከቁም ሣጥኑ ሥር አንድ ጣውላ ነቅለው ውፍረቱን ለኩ። «ሲሠራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል የነበረ ይመስለኛል። እናንተ በየቦታው እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ወስዳችኋል። አንድ ጊዜ እልገዋለሁ። ከእኔ በኋላ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይችላል፤ ከዚያ ቦዩ ይገለጣል» አሉ።

ከዚያ በወረቀት ላይ ጻፍን፤ የትኞቹ ክፍሎች እንደሚሠሩ፣ ቫርኒሹንና ወረቀቱን ማን እንደሚገዛ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቀባ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ክፍያው በስንት ጊዜ እንደሚከፈል። የሚስተካከለውን ብቻ ሳይሆን የማይስተካከለውንም አስጻፉን። በበሩ አጠገብ ያለውን አንድ ጥልቅ ጉድጓድ እንደማያጠፉት አስቀድመው ነገሩን፤ እሱን ለማጥፋት ዙሪያውን ሁሉ ዝቅ ማድረግ ስለሚያስፈልግ ጣውላው ይሳሳል። «አጠፋዋለሁ የሚላችሁ ካለ ሌላ ነገር እያጠፋ ነው» አሉ።

በመተማመን የሚሠራ ሰው ለምን ወረቀት ያስፈልገዋል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሃይማኖታችን በገንዘብ ስንገናኝ እንድንጽፍ ያዘዘን ባለመተማመን አይደለም፤ መርሳትና አለመግባባት ከሰው ስለማይጠፋ ነው። ጋሼ ክርስቲያን ናቸው፤ የእኛን ምክንያት ስንነግራቸው ፈገግ ብለው «ግሪኩም እንዲሁ ያደርግ ነበር» አሉን።

ዘጠኝ ቀን

ሥራው መስከረም 6 ቀን ተጀመረ። ዝናቡ አባርቷል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ፀሐይ በመስኮት ትገባለች።

በመጀመሪያው ቀን የተላላጠውን ቫርኒሽ በመፋቂያና በስፓቱላ አነሡት። ሰሙን በአኳራጅ በተነከረ ጨርቅ ደጋግመው እያለሰለሱ ጠረጉት። መስኮት ሁሉ ተከፈተ፤ የቡናው ከሰል ምድጃ እንኳ ወደ ጓሮ ተባረረ። የተጠቀሙባቸውን ጨርቆች ውሃ ባለበት የብረት ባልዲ ውስጥ ከተቷቸው። ለምን ስንል፣ ዘይታማ ቫርኒሽ የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሞቆ ሊቃጠል እንደሚችል ነገሩን። እኛ የራሳችንን ጨርቅ ከደረጃው ሥር አጭቀን ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ጠብቆናል።

በሁለተኛው ቀን ምስማሮቹ ሁሉ ሰጠሙ፤ የሚንቋቋው ጣውላ ከሞራሌው ጋር እንደገና ታሰረ። የውዱእ ውሃ ያበሰበሰውን አንድ ጣውላ ቆርጠው አወጡ። በምትኩ አዲስ እንጨት አላመጡም። ከቁም ሣጥኑ ሥር የነቀሉትን፣ ከዚያው ዘመንና ከዚያው ጥድ የተገኘውን ጣውላ አመጡና ገጠሙት። ማንም በማያየው ከቁም ሣጥኑ ሥር ደግሞ ባሕር ዛፍ ገባ።

በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን በመላጊያ ማሽን ተላገ፤ መጀመሪያ በ40 ቁጥር አግድም ዘንበል አድርገው ወለሉን አስተካከሉ፣ ቀጥሎ በጣውላው ርዝመት በ60፣ በ80፣ በመጨረሻም በ120። በየደረጃው ወለሉ እየተጠረገ ባትሪው በጎን ይጋደማል። ማሽኑ የማይደርስበትን ጥግ በእጅ ፋቁት። ዞኮሎውን ደረቁን አልፋቁትም፤ በውሃ እያራሱ በእጅ አለሰለሱትና ቀለም ቀቡት፤ ልጆቹም እስኪጸዳ ድረስ አክስታቸው ቤት ሄዱ። የመጨረሻ ወንድማችን አንድ ጥግ እንዲያለሰልስ ተሰጥቶት ሁለት ጊዜ «ገና ነው» ተብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ጋሼ መዳፋቸውን አሳርፈው ምንም ሳይሉ አለፉ። ወንድማችን በዚያ ዝምታ የተደሰተውን ያህል በፈተና ውጤትም ሲደሰት አላየነውም።

በአምስተኛው ቀን ጠባቡ ክፍተት በራሱ በጥዱ ሰጋቱራና በማጣበቂያ ተሞላ፤ ሰፊው ደግሞ በቀጭን የእንጨት ስንጥቅ። መንቀሳቀስ የሚገባውን ግን ተዉት። በስድስተኛው ቀን አቧራው ተጠርጎ፣ በአኳራጅ ርጥብ ባለ ጨርቅ ተወልውሎ፣ የመጀመሪያው ቫርኒሽ ቀጥኖ ተቀባ። በሰባተኛውና በስምንተኛው ቀን በመሐሉ በልሙጥ ወረቀት እየተዳሰሰ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተለ። በዘጠነኛው ቀን ጋሼ መጥተው ጥፍራቸውን በማይታይ ቦታ ጫን አድርገው ሞከሩና «እስከ ነገ ማንም አይርገጠው፤ ከዚያ ለሦስት ቀን በካልሲ፣ ምንጣፍ ደግሞ ከአሥር ቀን በኋላ» ብለው አዘዙ።

ሒሳቡ

ሒሳባችንን ሠራን። ለእነሱ ለእነሱ ሥራዎች፣ ማለትም ለቫርኒሹ፣ ለወረቀቱና ለግራይንደሩ ኪራይ ያወጣነው ሁሉ ጠፍቷል። ለጋሼ የከፈልነው ደግሞ መጀመሪያ አናጢው ከጠየቀን ይበልጣል። «በፊት ብትጠሩኝ አምስት ቀን ነበር። አራቱን ቀን የበላው የእናንተን ሥራ ማፍረስ ነው» ብለውናል። ቁጠባ ብለን የጀመርነው ነገር ሁለት ጊዜ ከፋዮች አደረገን፤ ከጣውላው ዕድሜም ቀነሰ።

ክፍያውን በተመለከተ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ሥራ ካለቀ በኋላ «እስቲ ቀንሱልን» ማለት በብዙ ቤት ልማድ ሆኗል። ሠራተኛው መሣሪያውን ጠቅልሎ በር ላይ ቆሞ ሳለ መከራከር እልህ እንጂ ብልህነት አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ሳይዘገይ እንዲከፈል ማስተማራቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዋጋውን ማዘግየት በደል ከሆነ ከተስማሙበት መቀነስማ ምን ሊባል ነው? እናታችን ገንዘቡን በፖስታ አድርገው ራሳቸው ሰጧቸው። ጋሼም «እትዬ፣ አልቆጥረውም» ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ለቤተሰቦች ጥቂት ምክር

በራሳችን ልንሠራው የምንችለው አለ፤ ዕቃ ማውጣት፣ ሰም ማንሣት፣ ምስማር ማስጠም፣ አንድ ትንሽ ቦታ ማለስለስ፣ ወለሉን ከውሃ መጠበቅ። ውዱእ አድርገው የሚወጡ ሰዎች እግራቸውን የሚያደርቁበት ወፍራም ጨርቅ በር ላይ ማስቀመጥ ብቻውን ጣውላውን ለዓመታት ያቆያል። ማሽን የሚነካውን ሥራ ግን ለሚያውቀው እንተው።

ባለሙያ ስንመርጥ የዋጋውን ዝቅተኛነት ብቻ አንይ። ጎንበስ ብሎ ያየ፣ በፊት ምን እንደተደረገ የጠየቀ፣ የማይችለውን የተናገረ ሰው ይበልጣል። ከዚህ በፊት የሠራውን ቤት ለማየት እንጠይቅ። ጥፋታችንንም አንደብቅ፤ ምን እንደቀባን፣ ምን እንዳፈሰስን ካልነገርነው የእሱም ሥራ በእኛ ውሸት ላይ ይቆማል።

ወጣቶችም አንድ ነገር ልብ ቢሉ እንወዳለን። ጋሼ ሙያቸውን የሚያወርሱት ሰው የላቸውም። «መጥተው ሁለት ሳምንት አቧራ ሲበሉ ይጠፋሉ» ይላሉ። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ቢያንሱም የተረፉት ተንከባካቢ ይፈልጋሉ፤ በከተማው ያለው ፓርኬም ብዙ ነው። የሚያውቅ እጅ የጠፋበት ሙያ ደግሞ ለሚያውቀው ጥሩ እንጀራ ነው።

ኒካሑ መስከረም 28 ቀን፣ በታቀደለት ሳሎን ውስጥ ታሰረ። መግሪብ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ተሰለፉ፤ መስገጃ ስላነሰ ከኋላ ያሉት በባዶው ጣውላ ላይ ሰገዱ። በበሩ አጠገብ ያለው የግማሽ ጨረቃ ጉድጓድ በቦታው አለ። በላዩ ትንሽ ምንጣፍ ልንጥልበት ስንል እናታችን «ተዉት፣ ይታይ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከሦስታችን አንዱ «ይህን እንኳ እኛው እንሠራዋለን» ባለ ቁጥር የቀረነው ወደ በሩ እናያለን።

አላህ የምናውቀውን እንድንሠራ፣ የማናውቀውን እንድንጠይቅ ይርዳን። አሚን።